የጌም መጨረሻ ለምን ያስከፋናል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ2001 ዓ.ም. ክረምት፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ጌም ቤት ውስጥ አምስት ልጆች አንድ ቴሌቪዥን ከበን ተቀምጠናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ድምፁ አይሰማም። ጆይስቲኩ በእኔ እጅ ነው። ለሦስት ሳምንት ሳንቲም እያዋጣን፣ የባለቤቱን ሜሞሪ ካርድ እየለመንን የገፋነው ጎድ ኦፍ ዋር 2 ሊያልቅ ነው። ታይታን የሚባሉት ግዙፍ ፍጡራን የአማልክቱን መኖሪያ የኦሊምፐስን ተራራ እየቧጠጡ ይወጣሉ፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ክሬቶስ ከታይታኖቹ አንዷ በሆነችው በጋያ ጀርባ ላይ ቆሞ አባቱን ዜውስን በስሙ ጠርቶ ይዝትበታል፤ እኔም አውራ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ለመጨረሻው ፍልሚያ ተዘጋጅቻለሁ። ፍልሚያው አልመጣም። ስክሪኑ ጠቆረና የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር መታየት ጀመረ።

ያን ቀን የተሰማኝን ነገር ዛሬም አልረሳሁትም። አሁን እኔ ራሴ ጌም ቤት ከፍቻለሁ፤ ልጆቹ ጨዋታ ጨርሰው ሲከፉ የሚሉትን በየቀኑ እሰማለሁ። ከሚሉት ውስጥ ብዙው እኛም ያኔ የምንለው ነው፤ ብዙው ደግሞ ስህተት ነው።

«ሲዲው ኮፒ ስለሆነ ነው መጨረሻው የተቆረጠው»

ያን ክረምት ከመካከላችን አንዱ ይህን ተናገረ፤ ሁላችንም አመንነው። ለማመን ምክንያት ነበረን። በዚያ ዘመን እጃችን ላይ ይገቡ ከነበሩት ኮፒ ሲዲዎች አንዳንዶቹ ቦታ እንዲበቃቸው ቪዲዮና ድምፅ ይቀነስባቸው ነበር። የጎድ ኦፍ ዋር 2 መጨረሻ ግን ከመጀመሪያውም እንደዚያ ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ለፕሌይስቴሽን 2 ሲወጣ ታሪኩ ተራራው መውጫ ላይ ቆመ፤ ቀጣዩ ክፍል የመጣው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ነው፤ ያውም ለፕሌይስቴሽን 3። በዓለም ዙሪያ ዋናውን ሲዲ በሙሉ ዋጋ የገዛ ሰው ሁሉ ያየው እኛ በቆርቆሮ ቤት ያየነውን ነው። እሱም ሦስት ዓመት ጠበቀ፤ እሱም አዲስ ማሽን መግዛት ነበረበት።

እንዲህ ተንጠልጥሎ በማለቅ ስሙ ይበልጥ የሚነሳው ሄሎ 2 ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2004 ወጣ፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ውጊያውን ሊጨርስ እንደመጣ ተናግሮ ገና አፉን ሳይዘጋ ጨዋታው አለቀ። ውጊያው የቀጠለው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 በሄሎ 3 ነው። በጎድ ኦፍ ዋር 2 እና በሄሎ 2 መካከል ግን ልዩነት አለ። ሄሎ 2 የታቀደ የመጨረሻ ምዕራፍ ነበረው፤ ጊዜ ስላጠረ ሠሪዎቹ ቆርጠው ጣሉት።

«ሠሪዎቹ ሰንፈው ነው»

ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ሸማኔ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። ነጠላ በሁለቱም ጫፍ ጥለት አለው። የገበያው ቀን ሲደርስ የሚጣደፈው ሸማኔ የመጀመሪያውን ጥለት አሳምሮ ሠርቶታል፤ የሚንሻፈፍበት የመጨረሻው ነው። ስንፍና አይደለም። ያጠረው ቀኑ ነው።

ጌምም እንደዚያው ነው። የሚሸጥበት ቀን ብዙ ጊዜ ከገና በዓል ገበያ ጋር ተያይዞ አስቀድሞ ይቆረጣል። ሥራው ሲዘገይ የሚቀነሰው የመጨረሻው ክፍል ነው፤ መጀመሪያውን ገዢ ሁሉ ያየዋልና፣ መጨረሻ የሚደርሰው ግን ከገዢው ጥቂቱ ነውና። የስታር ዋርስ ጨዋታ የሆነው ናይትስ ኦፍ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ 2 ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ኦብሲዲያን የተባለው ኩባንያ ይህን ግዙፍ ታሪክ ከአንድ ዓመት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 አስረከበ። እስከ መጨረሻው አካባቢ ድረስ ድንቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ገጸ ባሕርያት ያለ ምክንያት ይጠፋሉ፤ የተጀመረ ነገር ሳይቋጭ ይቀራል። ሲዲው ውስጥ ግን የተቀዳ ንግግርና በግማሽ የተሠራ ትዕይንት ተቀብሮ ተገኘ። ጨዋታውን የወደዱ ሰዎች ያለ ምንም ክፍያ ለዓመታት ሠርተው የተቀበረውን ቆፍረው ወደ ቦታው መለሱት። ሰነፍ ሰው የሠራውን ነገር እንዲህ አድርጎ የሚያድነው አይገኝም።

«የሚያሳዝን መጨረሻ መጥፎ መጨረሻ ነው»

ጀግናው ከሞተ «ተበላሸ» የሚል ደንበኛ አለኝ። እኔ ግን ማልቀስና መታለል አንድ አይደሉም እለዋለሁ። የጎጃም ልጅ ደግሞ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ሁለቱም ይሞታሉ። ስንት አንባቢ አልቅሷል! «መጨረሻው አታለለኝ» ያለ ሰው ግን እኔ አልገጠመኝም፤ መጽሐፉ ከርዕሱ ጀምሮ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራልና።

በጌም ዓለም የዚህ ወንድም የምለው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን ነው። ጆን ማርስተን ሽፍትነቱን ትቶ የሚኖር ሰው ነው። የመንግሥት ሰዎች ሚስቱንና ልጁን ይዘውበት የድሮ የሽፍትነት ጓደኞቹን አሳድዶ እንዲይዝላቸው ወይም እንዲገድልላቸው ያስገድዱታል። የተባለውን ሁሉ አድርጎ ቤቱ ሲመለስ ጨዋታው አያልቅም። ከብት ያግዳል፤ ቁራ ከጎተራው ያባርራል፤ ልጁን አደን ያስተምራል። አንዳንዱ ተጫዋች «ይህ ምን ይሠራል?» ብሎ ይሰላቻል። ከዚያ ወታደሮቹ ይመጣሉ። ማርስተን ሚስቱንና ልጁን በፈረስ አስመልጦ ብቻውን ጎተራው ውስጥ ይቀራል፤ የበሩን ስንጥቅ ተመልክቶ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል፤ በሩን ከፍቶ ይወጣል። በዚያች ቅጽበት ጨዋታው ጊዜውን ያዘገይና ማነጣጠሩን ለተጫዋቹ ይሰጠዋል። እጅህ የለመደውን ያደርጋል፤ አንዱን ትጥላለህ፤ ሌላውን ትጥላለህ። የቆሙት ግን ከጥይትህ ይበዛሉ። ያ ሁሉ ከብት ማገድ ለምን እንደነበረ የሚገባህ ያን ጊዜ ነው፤ የሚያጣውን ነገር በእጅህ እያስዳሰሰህ ነበር።

«የማስ ኢፌክት 3 ተጫዋቾች የተቆጡት ጀግናው ስለሚሞት ነው፤ ጮኸውም መጨረሻውን አስቀየሩት»

ስለ አስከፊ መጨረሻ ሲወራ መጀመሪያ የሚጠራው ስም ይህ ነው፤ በተሳሳተ መንገድ የሚተረከውም ይኸው ነው። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት አለ።

ማስ ኢፌክት እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2012 በሦስት ክፍል የወጣ ጨዋታ ነው። ልዩ የሚያደርገው ነገር ቢኖር በመጀመሪያው ክፍል የወሰንከው ውሳኔ ተቀምጦ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው መሸጋገሩ ነው። ያዳንከው ሰው ይመለሳል፤ የተውከው አይመለስም። ሠሪዎቹም ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት ውሳኔዎቹ በመጨረሻው ላይ ልዩነት እንደሚያመጡ ተናግረው ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 ሦስተኛው ክፍል ወጣ። መጨረሻው ላይ በሕፃን መልክ የሚታይ አንድ ፍጡር ሦስት ምርጫ ያቀርባል፤ የቱንም ብትመርጥ የምታየው ቪዲዮ ተመሳሳይ ነው፤ በዋናነት የሚለየው የብርሃኑ ቀለም ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ።

ጢስ አባይን ለማየት መጥቶ ውኃው ለኃይል ማመንጫው ወደ ሌላ አቅጣጫ በተለቀቀበት ቀን የደረሰ እንግዳ ፊት አይታችኋል? የቀረው ውኃ በራሱ የሚጠላ አይደለም፤ እንግዳው የሚያዝነው በፎቶ ላይ ያየውን ጢስ ተስፋ አድርጎ ስለመጣ ነው። የማስ ኢፌክት ተጫዋቾች ሐዘንም ይህን ይመስላል። ቁጣቸውን የገለጹበት መንገድ ራሱ ይናገራል፤ 400 ትንንሽ ኬኮች በቀይ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ክሬም አስለብሰው ለሠሪው ኩባንያ ለባዮዌር ላኩ። ቀለማቸው ሦስት ነው፤ ጣዕማቸው ግን ሁሉም ቫኒላ ነበር። በዚያው ዘመቻ ስም ሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት መጫወቻ ለሚያቀርብ በጎ አድራጎት ድርጅት ከ80,000 ዶላር በላይ አዋጥተዋል። እነዚህን ሰዎች «አልቃሾች» ብሎ መጥራት ግፍ ነው።

ሁለተኛው ስህተት መጨረሻው ተቀየረ መባሉ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 በነፃ የተለቀቀው ተጨማሪ ክፍል ሦስቱን ምርጫዎች እንደነበሩ ተዋቸው። ከምርጫው በኋላ ማን ምን እንደሆነ የሚያሳዩ ትዕይንቶችን ጨመረ፤ ሦስቱንም አልቀበልም ማለት የሚቻልበትን አራተኛ መንገድም ከፈተ። ተስተካክሎ ተብራራ እንጂ አልተለወጠም።

በእርግጥ የተለወጠው የፎልአውት 3 ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ መጨረሻው ላይ አንድ ሰው ገዳይ ጨረር ወዳለበት ክፍል ገብቶ የውኃ ማጣሪያውን ማስነሳት አለበት። አጠገብህ የሚቆመው ጓደኛህ ግን ፎክስ የተባለ ጨረር የማይጎዳው ፍጡር ሊሆን ይችላል። «አንተ ግባ» ስትለው ዕጣ ፈንታው የአንተ ነው ብሎ እምቢ ይላል! በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ወር የወጣው ተጨማሪ ክፍል ይህን አረመው፤ ፎክስ እንዲገባ፣ ታሪኩም ከዚያ በኋላ እንዲቀጥል አደረገ። ችግሩ ተጨማሪው ክፍል በክፍያ መሆኑ ነው። የተሰበረ ዕቃ ሸጦ ለጥገናው ሌላ ገንዘብ መቀበል ለእኔ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።

«የድሮ ጌሞች መጨረሻ ይሻል ነበር»

አይሻልም ነበር። አያቶቻችን «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲሉ ተረቱ ማለቁን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ጎስትስ ኤንድ ጎብሊንስ ግን እጅግ ከባድ የሆነውን ጉዞ ከጨረስክ በኋላ ያየኸው ሁሉ የሰይጣን ማታለያ ነው ብሎ ወደ መጀመሪያው ይመልስሃል፤ እውነተኛውን መጨረሻ ለማየት ሁሉንም ድጋሚ መጨረስ አለብህ። እ.ኤ.አ. የ1980ው ፓክማን ደግሞ ጭራሽ መጨረሻ አልተሠራለትም። ደረጃውን የሚቆጥርበት የማስታወሻ ቦታ ከ0 እስከ 255 ብቻ ስለሚይዝ 256ኛው ደረጃ ላይ ስሌቱ ይዛባና የስክሪኑ ቀኝ ግማሽ በተዘበራረቁ ፊደላትና ምልክቶች ይሞላል። ማለፍ አይቻልም። የዘመኑ ምርጥ ተጫዋች የደረሰበት ሽልማት ይህ ነበር።

«ሳን አንድሬስን መቶ በመቶ የጨረሰ ስውር መጨረሻ ያያል»

ይህን የነገረኝ ልጅ ስንት እንደሆነ አልቆጥረውም፤ ሁልጊዜም ያየው የአጎቱ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ጂቲኤ ሳን አንድሬስ መቶ በመቶ ስትጨርስ የምታገኘው አንድ ሚሊዮን ዶላር፣ አንድ ታንክና አንድ ተዋጊ አውሮፕላን ነው። ሌላ ቪዲዮ የለም። ጫካው ውስጥ አለ የሚባለው ግዙፍ ፀጉራም ፍጡርም የለም። ልጆቹ ግን ከምንም ተነሥተው አላመጡትም፤ የተለያየ መጨረሻ ያላቸው ጨዋታዎች በእርግጥ አሉ። እ.ኤ.አ. የ1995ቱ ክሮኖ ትሪገር ከአሥር በላይ መጨረሻ አለው፤ የመጨረሻውን ጠላት የምታሸንፍበት ጊዜ ይወስነዋል።

«መጨረሻውን በዩቲዩብ ማየት ከመጫወት አይለይም»

ገንዘብ ላጠረው ልጅ ይህ ትልቅ መጽናኛ ነው፤ ስለዚህ አልቆጣም። ግን አንድ ነገር አሳየዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው ሜታል ጊር ሶሊድ 3 መጨረሻ ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ስኔክ ያሳደገችውን አስተማሪውን ዘ ቦስን በነጭ አበባ በተሞላ ሜዳ ላይ ያሸንፋል። ተኝታለች። መሣሪያው ተነጣጥሯል። ከዚያ ሁሉም ነገር ይቆማል። ቪዲዮው ራሱ የሚቀጥል ይመስላል፤ አይቀጥልም። ቁልፉን እስክትጫን ይጠብቃል። በዩቲዩብ ይህ ጥቂት ሰከንድ ዝምታ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እዚህ ቦታ ላይ ደረሰ። መጀመሪያ ማሽኑ የተበላሸ መስሎት ዞሮ አየኝ። ቆይቶ ገባው። ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ፤ መልሶ አነሣው፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ አንተ ተጫንልኝ» አለኝ።

«ያንተ ነው» አልኩት።

ሂሳቡ በሰዓት ስለነበር ሰዓቱን አቆምኩለትና በሩ ላይ ወጥቼ ጠበቅሁት።