መሠረታዊ የመምህራን ማኅበር ምንድን ነው?

አዲስ መምህር የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ፔሮሉን ከላይ እስከ ታች ያነበዋል። የሥራ ግብር ተቆርጧል። ጡረታ ተቆርጧል። ከዚያ ቀጥሎ «የመምህራን ማኅበር» የምትል መስመር አለች፤ እሷም ትንሽ ብር ወስዳለች። ባለፈው ዓመት ወደ እኛ ትምህርት ቤት የተመደበች ወጣት መምህርት ይችን መስመር አይታ ሻይ ክበብ ውስጥ አገኘችኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ማኅበር ቢሮው የት ነው? ፒያሳ ነው?» አለችኝ። «እዚሁ ነው፤ አንቺ የተቀመጥሽበት» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን እውነቴን ነበር።

ያን ቀን ደወል ስለተደወለ ሳንጨርሰው ቀረን። የቀረውን እዚህ ልጻፈው።

መሠረታዊ የመምህራን ማኅበር ማለት በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉ የማኅበሩ አባላት በአንድ ላይ ማለት ነው። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የመጨረሻው ታችኛ እርከን እሱ ነው። ከእሱ በላይ የወረዳ ወይም የከተማ ማኅበር አለ፤ ቀጥሎ ዞን፣ ክልል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ያለው አገር አቀፍ ጽሕፈት ቤት። ትምህርት ቤቱ ከፋሲል ግንብ በዕግር የሚደረስበት ይሁን ወይም አዘዞ ጫፍ ላይ ያለ፣ ነገሩ ያው ነው። አባላቱ ተሰብስበው ከመካከላቸው ሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴ ይመርጣሉ። ሰብሳቢ፣ ምክትል፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ይኖራሉ፤ የሴት መምህራንን ጉዳይ የሚይዝ ሰውም ይመደባል። እነዚህ ሰዎች ክፍለ ጊዜያቸው አይቀነስላቸውም። ጠዋት ሒሳብ ወይም ታሪክ አስተምረው፣ የምሳ ሰዓታቸውን ሰጥተው ነው ኮሚቴ የሚሆኑት።

ማኅበሩ ራሱ የቆየ ነው። የተመሠረተው በ1941 ዓ.ም. ነው። የካቲት 1966 ላይ መምህራን በደመወዝና «ሴክተር ሪቪው» በተባለው የትምህርት ማሻሻያ እቅድ ምክንያት ሥራ አቁመው፣ መንግሥት እቅዱን ወደ ጎን እንዲያደርገው አስገድደዋል። ታላላቆቻችን ይህን ሲያወሩ ዓይናቸው ያበራል። ግን የዛሬ ጉዳዬ ያ አይደለም። እኔ የማወራው ማክሰኞ ከሰዓት በአንድ ባዶ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ተቀምጦ ስለሚሠራው ሥራ ነው።

መጀመሪያ ማኅበሩ ያልሆነውን ልናገር፤ ብዙ ቅያሜ የሚመጣው ከዚህ ነውና። ወመተህ አይደለም። ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ የሚገናኙበት ኅብረት የትምህርት ቤቱ አካል ነው፤ ስለ አጥር፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ተማሪ ሥነ ምግባር ይመክራል። የመምህራን ማኅበር ግን የመምህሩ ነው። ቁጠባና ብድርም አይደለም። ይሄኛው ስህተት ብዙ ሰው አስቀይሟል። ቁጠባና ብድር በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚተዳደር፣ የራሱ ምዝገባ፣ የራሱ ኦዲትና የራሱ አባል ያለው ሌላ ድርጅት ነው። የመምህራን ማኅበር መዋጮ እየከፈልክ ስለሆነ ብድር ይገባኛል ብትል የለም። ለብድር ሌላ ቦታ ተመዝግበህ፣ ሌላ ቁጠባ ቆጥበህ ነው። ሁለቱንም የሚመሩት አንዳንዴ እነዚያው ሰዎች ስለሆኑ ነገሩ ይምታታል።

እድርም አይደለም፤ ይሄ ላይ ግን በድፍረት አልናገርም። የሥራ ባልደረባ ወላጅ ሲሞት ማን ይሂድ፣ ስንት ይዋጣ፣ መኪና ከየት ይገኝ የሚለውን የሚያስተባብረው ብዙ ጊዜ ያው ኮሚቴ ነው። ጎንደር ላይ ለቅሶ ያልደረሰ ማኅበር ሌላ ምን ቢሠራ ማንም አይሰማውም። ስለዚህ እድር አይደለም ብዬ ልለፈውና፣ የእድርን ሥራ ግን ይሠራል።

ሕጉን ትንሽ እንይ፤ ማኅበሩ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል የሚወስነው እሱ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉና የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይላል። መምህሩ በዚህ ውስጥ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም። የመንግሥት መምህር የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። ስለዚህ የፋብሪካ ሠራተኛ ማኅበር ከአሠሪው ጋር ተቀምጦ የኅብረት ስምምነት እንደሚፈራረመው እኛ አንፈራረምም። የእኛ መሣሪያ ደብዳቤ፣ ውይይት፣ አቤቱታና ውክልና ነው። ወረቀት ላይ የምደክመውም ለዚህ ነው። ኮንትራት የማይፈርም ማኅበር ወረቀቱን ካላሳመረ በእጁ ምንም የለውም።

የግል ትምህርት ቤት መምህራን ሌላ ናቸው። እነሱ በአዋጅ 1156 ሥር ስለሚወድቁ፣ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ፤ የኅብረት ስምምነትም መደራደር ይችላሉ። ማራኪ አካባቢ በግል ትምህርት ቤት የምታስተምር ጓደኛዬ ይህን አታውቅም ነበር። የወሊድ ፈቃዷ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀን ከነደመወዟ እንደሆነም አታውቅም ነበር። «ማን ይነግረናል?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ማኅበር በሌለበት የሚነግር የለም።

አሁን ወደ ሥራው።

አንድ ባልደረባችን የደረጃ እድገት ደርሶት ነበር። የመምህር ደረጃ በአገልግሎት ዘመንና በሥራ አፈፃፀም ውጤት ነው የሚወጣው፤ ከጀማሪ ወደ መለስተኛ፣ ከዚያ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር እያለ ወደ መሪ መምህር ይሄዳል። እያንዳንዱ ደረጃ ደመወዝ ላይ ለውጥ አለው። የእሱ ጊዜው አልፎ ወራት ሆነ። በየሳምንቱ አንድ ቢሮ ይመላለሳል። «ነገ ና» ይሉታል። ይሄዳል። «ፋይልህ አልመጣም» ይሉታል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ተወው። እኛ የሰማነው እንኳ ከእሱ አፍ አይደለም፤ ሚስቱ ለአንዷ ባልደረባችን አጫውታት ነው።

ያኔ ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ጉዳዩን አጀንዳ አድርገን ያዝነው። የመጀመሪያው ሥራ ጥያቄ መጠየቅ ነበር። እንደሱ የሆነ ሌላ ሰው አለ? አንድ ወረቀት ሻይ ክበብ ውስጥ ለጠፍን። በሦስት ቀን ውስጥ አራት ስም ተጨመረ። አምስት ሰው ለየብቻው ሲመላለስ ከርሟል፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ቀጥሎ የእያንዳንዱን ማስረጃ ሰበሰብን። የቅጥር ደብዳቤ፣ የመጨረሻው የደረጃ ደብዳቤ፣ የምዘና ውጤት። አምስቱንም በአንድ ሰንጠረዥ አደረግን፤ ስም፣ አሁን ያለበት ደረጃ፣ የሚገባው ደረጃ፣ ጊዜው ያለፈበት ወር። በማኅበሩ ማህተም አንድ ደብዳቤ ጻፍን። ግልባጭ ለከተማው መምህራን ማኅበር አደረግን። ሰብሳቢያችን ወስዶ መዝገብ ቤት ገቢ አስደረገ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ የእኛ ቅጂ ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ሳያስመታ አልተመለሰም። ያች ማህተም የተመታባት ቅጂ ናት በኋላ የሠራችው። መልስ ሲዘገይ «ደብዳቤ አልደረሰንም» ማለት አልተቻለም። የአራቱ ደረጃ ከነውዝፉ ተከፈለ። አምስተኛው የአንድ ዓመት ምዘናው ማህደሩ ውስጥ ስላልነበረ ቀረበት። የእሱን ፈልገን እስክናገኝ ሌላ ግማሽ ዓመት ፈጀ።

ያልተሳካልንም አለ፤ እሱንም መናገር አለብኝ። አንዲት መምህርት ባሏ ያለበት ከተማ መዛወር ፈልጋ መጣች። የዝውውር ነጥቧ ጥሩ ነበር፤ የጎደለው የጋብቻ ማስረጃና አንድ ሸኚ ደብዳቤ ብቻ ነው። በስብሰባው ላይ ሁላችንም «እንረዳታለን» አልን። በቃለ ጉባኤው ግን ማን እንደሚከታተል አልጻፍኩም። ሰብሳቢው እኔ የያዝኩት መሰለው፤ እኔ ምክትሉ የያዘው መሰለኝ። የማመልከቻው ጊዜ አለፈ። አንድ ሙሉ ዓመት ከልጇ ጋር ብቻዋን ቆየች። ከዚያ በኋላ በጻፍኩት ቃለ ጉባኤ ሁሉ ከእያንዳንዱ ውሳኔ ጎን ሁለት ነገር አለ፤ የሚሠራው ሰው ስምና እስከ መቼ የሚለው ቀን። አቶ እገሌ፣ እስከ አርብ። ይህ ብቻ ነው ለውጡ፤ ግን ማኅበሩን ማኅበር ያደረገው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ከባድ ሥራ አባል ሲከሰስ ነው። አንዳንድ ሰው ማኅበር ማለት ጥፋተኛን የሚሸፍን ይመስለዋል። አይደለም። ተማሪ የመታ መምህርን «አልመታም» ብለን አንዋሽለትም። የምናደርገው ይህን ነው፦ ክሱን በጽሑፍ እንዲሰጡት እንጠይቃለን። በንዴት በቃል እንዳይመልስ እንነግረዋለን፤ መልሱን አድሮ፣ ረጋ ብሎ እንዲጽፍ። ምስክር ካለው ስሙን እንዲያስመዘግብ። ውሳኔ ሲሰጥ በጽሑፍ እንዲቀበልና የይግባኝ ጊዜው እንዳያልፍበት ቀን እንቆጥርለታለን። አብረነው እንሄዳለን። ያጠፋ ሰውም ቢሆን በሥርዓት የመሰማት መብት አለው። ያላጠፋው ደግሞ ብቻውን ሲቆም ደንግጦ ያላደረገውን ሲያምን አይቻለሁ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ መምህራንም ተበትነዋል። በዚህ ጊዜ የመሠረታዊ ማኅበር ሥራ በጣም ትንሽ የሚመስል ነገር ሆነ፦ ስም መመዝገብ። ማን የት አለ? ስልኩ ይሠራል? ደመወዙ ገብቷል? ልጆቹ የት ናቸው? ይህን ከላይ ያለ ቢሮ አያውቀውም። የሚያውቀው አጠገቡ ያስተምር የነበረው ሰው ነው።

ስለ ገንዘቡ አጭር ልበል። ከደመወዝ የሚቆረጠው መዋጮ የአባሉ ነው፤ የት እንደገባ መጠየቅም መብቱ ነው። ገንዘብ ያዡ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ገቢና ወጪ በቃል ሳይሆን በወረቀት ያቅርብ። ያላቀረበ እንደሆነ እጅ አውጥቶ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጎንደሬ ይሉኝታ ያጠቃዋል፤ «ታላቄን እንዴት እጠይቃለሁ» ይላል። ታላቅህን አክብረህ «አንቱ» እያልክ መጠየቅ ትችላለህ። ደረሰኙን ሲያሳዩህ እሳቸውም ይቀልላቸዋል።

ምልዓተ ጉባኤ ሌላው ራስ ምታት ነው። ስብሰባ ተጠርቶ ከግማሽ በታች ሰው ከመጣ የሚወሰነው ነገር መሬት አይረግጥም። እኛ ዘንድ የሠራው መላ ቀላል ነው። ስብሰባውን ደመወዝ በገባ ሳምንት አናደርግም፤ ሰው ቅዳሜ ገበያ ሊወርድ፣ ብድሩን ሊመልስ ይቸኩላል። አጀንዳውን ከሁለት ቀን በፊት እንለጥፋለን። ከአንድ ሰዓት አናሳልፍም። ቡና ካለ ደግሞ ሰው ይመጣል።

ያች ወጣት መምህርት ሌላ ቀን ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ «እና እኔ ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሦስት ነገር ነገርኳት። የኮሚቴውን ጸሐፊ ስም እወቂ። የቅጥር ደብዳቤሽንና የምዘና ውጤትሽን ኮፒ ቤትሽ አስቀምጪ፤ ቢሮ ያለው ማህደር ላይ ብቻ አትተማመኚ። ቃለ ጉባኤውን አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ የአባል መብትሽ ነው።

አነበበችው። የቃለ ጉባኤው መዝገብ ጠርዙ የተላጠ፣ ሻይ የፈሰሰበት ትልቅ ደብተር ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ የጻፉት ገጽም አለበት፤ የእጅ ጽሑፋቸው እንደ ቁም ጸሐፊ ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። አንድ ገጽ ላይ ቆም ብላ «ጋሼ፣ ይሄ ጉዳይ መጨረሻው አልተጻፈም» አለችኝ። አየሁት። እውነትም አልተጻፈም። የመኖሪያ ቤት ቦታ ጥያቄ ነበር፤ ደብዳቤው ተጽፏል፣ የመልሱ ነገር የለም። በቀጣዩ ምርጫ ጸሐፊ እንድትሆን እኔ ነኝ የጠቆምኳት። ተመረጠች። ደብተሩን ሳስረክባት ያን ገጽ ክር አስገብታ ለይታው ነበር።