አጥራችንን የምትጥለው አንዲት ስንዝር፦ ስለ እንጨት አጥር የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው ጥር ሐይቅ ከተማ ጫፍ ላይ ያለውን የእናቴን ቤት አጥር ስናፈርስ አንዱን ቋሚ ነቅዬ መሬት ላይ አጋደምኩት። የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ከመሬት በላይ የነበረው ክፍል ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ደረቅ እንጨት ነበር። አፈር ውስጥ ጠልቆ የኖረው ጫፍም ይጥቆር እንጂ ጠንካራ ነው። አፈርና አየር የሚገናኙበትን አንድ ስንዝር የሚያህል ቦታ በካቻቢቴ ስወጋው ግን ብረቱ እስከ እጀታው ገባ፤ እንደራሰ ዳቦ። አጥሩን የጣለችው ያቺ ስንዝር ናት።

እናቴ «እንጨት አይደል፣ መበስበሱ መቼ ይቀራል» ብላ አለፈችው። እኔን ግን ከነከነኝ። ያንን አጥር ስናጥር የሰማነውን ምክር ሁሉ አድርገን ነበርና። ዛሬ መለስ ብዬ ሳየው ከምክሩ አብዛኛው ስህተት ነው፤ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻም ያው ምክር ሲደጋገም እሰማለሁ።

«እንጨት መሬት ከነካ ይበሰብሳል፤ መድኃኒት የለውም»

እንጨትን የሚያበሰብሰው አፈሩ ሳይሆን ፈንገስ ነው። ፈንገሱ ደግሞ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። በውስጡ ያለው እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም፤ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ የሚኖር እንጨትም አየር ስለማያገኝ ብዙ ዘመን ይቆያል። እርጥበትና አየር የሚገናኙት መሬቱ አፍ ላይ ነው። በዚያ ላይ የእኛ አገር ዝናብ ሁለት ጊዜ ይመጣል፦ ከየካቲት ጀምሮ በልግ፣ ከሰኔ ጀምሮ ክረምት። ቋሚው ከአንዱ ሳይደርቅ ሌላው ይደርስበታል። ስለዚህ አጥር የሚያጥር ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህቺ ስንዝር በምን ትደርቃለች?» ብሎ ነው።

«ባሕር ዛፍ ያው ባሕር ዛፍ ነው»

አይደለም። በደጋው በብዛት የምናየው ነጭ ባሕር ዛፍ አፈር ውስጥ ሲቆም ቶሎ ይረታል። ቀይ ባሕር ዛፍ ይሻላል፤ የሚሻለው ግን ልቡ ነው። የማንኛውም ዛፍ ዳርና ዳሩ ያለው ነጣ ያለ ክፍል፣ ዛፉ በሕይወት ሳለ ውኃ የሚያመላልስበት ስለሆነ፣ ለፈንገስም ለነቀዝም ምግብ ነው። ገበያ ላይ የምንገዛው ቀጭን አጣና ገና ልጅ ዛፍ በመሆኑ ልብ የሚባል ነገር እምብዛም የለውም። አጣና ለማገርና ለመሙያ ይሁን። ለቋሚ ግን ወፈር ያለ፣ ቆረጡ ላይ ጠቆር ያለ ልብ ሰፍቶ የሚታይበትን ምረጡ፤ ብዛቱን ቀንሳችሁም ቢሆን።

የሐበሻ ጥድና ወይራ ከሁሉም ይበልጣሉ፤ የጥድ ልብ ምስጥም ብስባሴም የሚፈራው እንጨት ነው። ይህን ስጽፍ ግን እጄ ይከብደኛል። የቀረን የሐበሻ ጥድ በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥና እዚህም እዚያም በተረፉ ጫካዎች ነው፤ ለአጥር ብሎ መቁረጥ ነውር ነው። አሮጌ ቤት ሲፈርስ የሚወጣ የጥድ ቋሚ ካገኛችሁ ግን በሚጠየቀው ዋጋ ግዙት። የፈረንጅ ጥድን ከሐበሻው ጋር አታምታቱ፤ አፈር ውስጥ የዚያን ያህል አይቆይም።

«ሲሚንቶ ከበላ አይነቃነቅም»

ይህንን ያሉን አጥሩን የሠሩልን አናጢ ናቸው። «ጋሼ፣ ውኃ አይዝበትም ወይ?» ብላቸው «አብሽር ልጄ፣ ሲሚንቶ ከበላ አይነቃነቅም» አሉኝ። እውነትም አልተነቃነቀም፤ ሲወድቅ እንኳ የሲሚንቶው ድቡልቡል መሬት ውስጥ እንደተተከለ ቀርቶ እንጨቱ ብቻ ከአፉ ላይ ተቆረጠ።

የሚሆነው እንዲህ ነው። እንጨት ሲደርቅ ይከሳል። ሲሚንቶው አይከሳም። በመካከላቸው ክር የምታህል ክፍተት ትፈጠራለች፤ ዝናብ በዚያች ይገባል፣ ከሥር ሲሚንቶ ስላለ ግን መውጫ የለውም። ቋሚውን ብርጭቆ ውስጥ እንዳቆሙት ቁጠሩት። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከተተከለማ ገና መክሳቱ ስለማይቀር ክፍተቱ ይሰፋል።

ሲሚንቶ መተው የለባችሁም፤ አሞላሉን ማስተካከል ነው። ጉድጓዱ ሥር ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ጠጠር አድርጉ። ቋሚው በቀጥታ ጠጠሩ ላይ ይቁም፤ ሲሚንቶው በዙሪያው እንጂ ከሥሩ አይፍሰስ። ላዩን ደግሞ ከመሬቱ ከፍ አድርጋችሁ፣ ውኃ ወደ ውጭ እንዲንሸራተት አዘቅዝቃችሁ ለስኑት። የሰው ቁመት ላለው አጥር ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ይቆፈር።

አቅም ካለ ከዚህ የሚበልጥ መንገድ አለ፦ ሲሚንቶው ውስጥ የአንግል ብረት ቀብሮ እንጨቱን ከመሬት ጥቂት ሳንቲሜትር አንጠልጥሎ በቡሎን ማሰር። ስንዝሯ ከነጭራሹ ትጠፋለች። ወረኢሉና ጃማ አካባቢ እንደምናየው የድንጋይ ካብ ላይ እንጨት ማስቀመጥም ያው ጥበብ ነው፤ ካቡ ውኃውን ያሳልፋል፣ እንጨቱ አየር ላይ ይቀራል። አያቶቻችን ይህን ያወቁት ያለ ሲሚንቶ ነው።

«ጫፉን ለብለብ አድርገው፣ የተቃጠለ ዘይት ቀባው»

ሁለት ምክር ነው፤ ለየብቻ እንየው። የእንጨቱን እግር በእሳት መለብለብ ላዩን ከሰል ያደርገዋል። ከሰሉ ራሱ አይበሰብስም። ግን ይሰነጠቃል፤ እርጥበቱም በስንጥቁ ሥር ያለውን ጤነኛ እንጨት ያገኘዋል። ከተለበለበ በኋላም እግሩ ቀጥኖ ይቀራል። አልመክረውም።

የሞተር የተቃጠለ ዘይት ሽታው ምስጥን ለጊዜው ያርቃል፤ ሰው የሚያምነው ለዚህ ነው። ቆላ ሲወረድ፣ ኮምቦልቻና ሐርቡ ላይ ምስጡ ስለሚበረታ ልማዱም ይበረታል። ዘይቱ ግን እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ አይቀመጥም፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ወደ አፈሩ ይወርዳል። ከሞተር የተፋቀ ብረትና ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገሮች አብረውት ይወርዳሉ። ከአጥሩ ሥር ጎመንና ጌሾ አለ፣ ልጆች ይጫወታሉ። ሐይቅ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ሐይቁ ወደ ሌላ ቦታ የሚፈስ ወንዝ የለውም፣ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። አሣውን የምንበላው እኛው ነን። ይህን ልማድ ብንተወው ደስ ይለኛል።

ለምስጥ የሚረዳው ማየት ነው። ምስጥ ከአፈር ተነሥቶ በጭቃ መተላለፊያ ወደ እንጨቱ ይወጣል። የአጥሩን ሥር ከሣርና ከጉድፍ አጽድታችሁ ከያዛችሁ መተላለፊያውን ገና ሲጀምር ታዩታላችሁ። በፋብሪካ በግፊት መድኃኒት የተነከረ ምሰሶ ከተገኘ ለቋሚ ጥሩ ነው፤ አረንጓዴ መልክ ካለው ግን ቁራጩን ምድጃ ውስጥ አታንድዱት፤ አርሴኒክ ሊኖርበት ስለሚችል ጭሱ መርዝ ነው።

«በጨለማ የተቆረጠ እንጨት አይነቅዝም»

«ጨለማ» የሚሉት ጨረቃ የማትታይበትን ጊዜ ነው። ጨረቃዋን ተዉአት። በበጋ ቁረጡ፣ ወዲያው ላጡት፣ ከመሬት አንሥታችሁ በጥላ አድርቁት። ልጡ ሥር እርጥበትም ነቀዝም ይደበቃል።

«ሐይቅ ዳር ያለ ቤት ከባሕር ጠረፍ ቤት እኩል ነው»

ቪዲዮ ላይ የሚገኘው የአጥር ምክር ብዙው ለውቅያኖስ ዳር ቤቶች የተነገረ ነው። በፊት ከወሎ በባቲ በኩል አሰብ ወርደው የሠሩ ሰዎች ልዩነቱን ያውቁታል። ጠረፍ ላይ ነፋሱ ጨው ይዞ ይመጣል። ጨው እንጨቱን የሚያበሰብስ የሚመስለው ብዙ ነው፤ የሚበላው ግን ሚስማሩን ነው። አሰብ ዝናብ እጅግ ጥቂት ስለሆነ እንጨቱ ሳይበሰብስ ሚስማሩ ዝጎ አጥሩ ሊላቀቅ ይችላል። እዚያ ዚንክ ውስጥ በደንብ የተነከረ ወይም የማይዝግ ብረት የግድ ነው።

የእኛ ሐይቅ ጨው አይረጭም። ጠላታችን ዝናቡ፣ ጤዛውና የዳር አፈሩ እርጥበት ነው። ቢሆንም ዚንክ ያለው ሚስማር እመርጣለሁ፤ ተራው ሚስማር ከባሕር ዛፍ ታኒን (እንጨቱ ውስጥ ካለው፣ ብረት ሲነካው ከሚጠቁር ንጥረ ነገር) ጋር ሲገናኝ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ሥር ጥቁር መስመር ያወርዳል። ከጠረፍ ሰዎች የምንወስደው አንድ ትምህርት አለ፦ ጣውላውን ገጥመው አይደፍኑትም። ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ሲተው ነፋሱ ያልፋል፣ አጥሩን አይገፋውም፣ እንጨቱም ቶሎ ይደርቃል።

«ግራጫ ከሆነ አልቋል፤ ቀለም ከተቀባ ድኗል»

ሁለቱም ተቃራኒ ነው። ግራጫው የፀሐይ ሥራ ነው፤ የላዩን ስስ ሽፋን ብቻ ይነካል። ደጋ ላይ ፀሐዩ ስለሚበረታ አጥር በአጭር ጊዜ ይነጣል፣ ውስጡ ግን ደህና ነው። ቀለም የተቀባው ግን ያሳስበኛል። እርጥብ እንጨት ላይ ዘይት ቀለም ከመቱበት እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ቀለሙን ያሳብጠዋል፤ በስንጥቁ የሚገባው ዝናብም ከሥር ይታሰራል። ላይ ሲያምር ታች ይበሰብሳል።

እንጨቱ ከክረምት በኋላ ደርቆ፣ ጥር ላይ፣ በልጉ ሳይጀምር፣ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ዘይት ነክ ቅብ ይሻላል። የተልባ ዘይት የምትጠቀሙ ከሆነ የቀባችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉት፤ ሲደርቅ ራሱን በራሱ አሙቆ በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት። የቋሚውን አናት አትርሱ፤ የተቆረጠው ጫፍ ውኃን ከጎኑ እጅግ አብልጦ ይጠጣል። አዘቅዝቃችሁ ቁረጡት ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ ቆብ አድርጉለት።

«አንዱ ከወደቀ ሁሉም መቀየር አለበት»

እናቴ ቤት የቆምንበት ጥያቄ ይህ ነበር። መስከረም መጨረሻ ላይ ካቻቢቴ ይዞ እያንዳንዱን ቋሚ በስንዝሯ ላይ መውጋት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እኛ ያን ሳናደርግ ዓመታት አለፉ፤ ስናደርገው ከአሥራ አራቱ ቋሚዎች የበሰበሱት አምስቱ ብቻ ሆነው ተገኙ። የበሰበሰውን እግር ቆርጠን፣ ከጎኑ የአንግል ብረት በሲሚንቶ ተክለን፣ ጤነኛውን ግንድ በሁለት ሁለት ቡሎን አሰርነው። ያንን መጀመሪያ የነቀልኩትንም መልሰን አቆምነው፤ አሁን ከመሬት አራት ጣት ከፍ ብሎ ቆሟል፣ የእናቴ ዶሮዎችም በሥሩ ይሹለከለካሉ።