የሄሊ ደብዳቤዎች፦ በፎቶው ስር የማይጻፈው

ዋሽንግተን ያላችሁ ኪ ብሪጅን ስትሻገሩ አይታችሁት ይሆናል። ከወንዙ ማዶ ሰዓት ያለው ረጅም ግንብ አለ። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሄሊ ሆል ነው። የተሰየመው ከ1874 እስከ 1882 ኮሌጁን በመራው በፓትሪክ ፍራንሲስ ሄሊ ስም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሄሊ ኢየሱሳዊ ካህን፣ ማለትም የካቶሊኮቹ የኢየሱስ ማኅበር (ጀስዊት) አባል ነበር። ማኅበሩን እኛ የምናውቀው ከአፄ ሱስንዮስ ታሪክ ነው።

የጥቁሮች ታሪክ ወር በመጣ ቁጥር የሄሊ ፎቶ ከአንድ መስመር ጽሑፍ ጋር ይዞራል፦ ከባሪያ እናት የተወለደ፣ በአሜሪካ ነጮች በሚበዙበት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት። መስመሯ ውሸት አይደለችም። ግን ሰው ከእሷ ተነስቶ ብዙ የተሳሳተ ነገር ያስባል።

«በዘመኑ ጥቁር ፕሬዚዳንት ተብሎ ተከብሯል»

በፍጹም። የቆዳው ቀለም በጣም የቀላ ስለነበር አብዛኛው ሰው የሚያውቀው እንደ ነጭ፣ እንደ አየርላንዳዊ ልጅ ነው። እናቱ ሜሪ ኤላይዛ ጆርጂያ ውስጥ ባሪያ እንደነበረች የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። «የመጀመሪያው ጥቁር» የሚለው ስም የገነነው በ1910 ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እሱ ይመራው በነበረው ኮሌጅ ጥቁር ልጅ ተማሪ ሆኖ አይገባም ነበር።

«ነጭ መስሎ ስለኖረ አልተጎዳም»

ይሄኛው ያመኛል። በኖቬምበር 1853 ሄሊ ማሳቹሴትስ በሚገኘው ሆሊ ክሮስ ኮሌጅ ወጣት መምህር ነበር። እሱም ወንድሞቹም የተማሩት እዚያው ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹ የቤተሰቡን ነገር ያውቃሉ፣ ወይም ሰምተዋል። ለቀድሞ መምህሩ ለአባ ጆርጅ ፌንዊክ በጻፈው ደብዳቤ «ግልጹን ልንገርዎ» ብሎ ያወጣዋል። ልጆቹ እሱ በማይሰማበት የሚናገሩት ነገር ልቡን እንደሚያቆስለው ለአባ ፌንዊክ ይነግራቸዋል። ከዚያ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር፦ «ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃሉ።»

በቃ። ነገሩን በስሙ አይጠራውም። የልቡን ለሚያካፍለው ሰው ሲጽፍ እንኳ ብዕሩ እዚያ ላይ ይቆማል። ቀጥሎ የሚያስጨንቀው ታናሽ ወንድሙ ማይክል ነው፤ ያው ፈተና እሱንም አግኝቶታል። እኔ ይህችን ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤያታለሁ። ሁልጊዜ የምቆመው እዚያችው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

«የድሃ ልጅ ነበር፣ በምጽዋት ተማረ»

አባቱ ማይክል ሞሪስ ሄሊ ከአየርላንድ መጥቶ ጆርጂያ ውስጥ ሜከን ከተማ አጠገብ የጥጥ እርሻ ያቋቋመ፣ ባሪያዎች የነበሩት ሀብታም ሰው ነው። በጆርጂያ ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ስለሚወርስ እነ ፓትሪክም ባሪያ ነበሩ። አባትየው ወደ ሰሜን የላካቸው ለዚህ ነው። ግን የትምህርት ቤት ክፍያው ከዚያው እርሻ፣ ከሌሎች ባሪያዎች ላብ ይመጣ ነበር። ሁለቱም ወላጆች በ1850 ሲሞቱ የርስቱ ገንዘብ ለልጆቹ ደረሰ። በርስቱ ውስጥ ሰዎችም ተቆጥረዋል። ይህን መጻፍ ይከብዳል፤ መዝለል ግን አይገባም።

«ኢየሱሳውያን ሄሊን ስለተቀበሉ ባርነትን ይቃወሙ ነበር»

ቶማስ ሙሌዲ የሚባል ሰው ነበር። ጆርጅታውንን ለዓመታት ከመራ በኋላ በሜሪላንድ የማኅበሩ አለቃ ሆነ። በ1838 ማኅበሩ በባርነት የያዛቸውን 272 ሰዎች በ115,000 ዶላር ለሉዊዚያና ባለ እርሻዎች ሸጠ። የማኅበሩ ዋና አለቃ ያን ሮታን ከሮም በደብዳቤ ሽያጩን ሲፈቅዱ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠው ነበር። ቤተሰብ አይነጣጠል፣ ሰዎቹ ሃይማኖታቸውን የሚፈጽሙበት መንገድ ይኑር፣ ገንዘቡ ለዕዳ አይዋል የሚል። ቤተሰቦች ተነጣጠሉ። 17,000 ዶላር ለኮሌጁ ዕዳ ገባ። በ1848 ኢየሱሳዊው ካህን አባ ቫን ደ ቬልደ ሉዊዚያና ያሉት ሰዎች ፈጽሞ እንደተረሱ ጽፈው ቤተ ክርስቲያን መሥሪያ ገንዘብ ለመኑላቸው።

በ1844 ፓትሪክ ሄሊና ወንድሞቹ ሆሊ ክሮስ ሲገቡ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ማን ነበር? ይኸው ቶማስ ሙሌዲ።

«ግንቡን ጨርሶ፣ ሥራው ሞልቶለት ተሰናበተ»

በ1882 ሲለቅ ታሞ ነበር። የሚጥል በሽታ ነበረበት። የሕንፃው ውስጥ ገና አላለቀም፣ ዕዳውም ከባድ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አየር እንዲቀይር ኮርዊን በተባለች የመንግሥት መርከብ ወደ አላስካ ተጓዘ። የመርከቧ ካፒቴን ማይክል ሄሊ ይባላል። በ1853ቱ ደብዳቤ የተጨነቀለት ታናሽ ወንድሙ።