ውዱ ጉብኝት ያዋጣል ወይ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለእረፍት ጉዞ የሚነሳ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ «እዚያ ድረስ ሄደህ እሱን ሳታይ እንዳትመለስ!» ይለዋል። ሌላው «ተወው ባክህ፣ የቱሪስት ወጥመድ ነው» ይለዋል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ጣሊያን ውስጥ በቬኒስ ቦዮች ላይ ስለሚቀዘፈው ጎንዶላ የሚባል ጀልባ፣ ስለ ፓሪሱ ኢፍል ታወር፣ ቱርክ ውስጥ በካፓዶቅያ ሰማይ ላይ ሰው ይዞ ስለሚንሳፈፈው ፊኛ። ሁለቱም ደግሞ በጅምላ ነው የሚፈርዱት። በዚህ ጉዳይ ላይ ደጋግመው የሚነሱትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው። እኔ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ ገንዘብ በሌላ መንገድ የማይገኝ ምን ይሰጠኛል?

«ታዋቂ የሆነ ሁሉ የቱሪስት ወጥመድ ነው»

በጎንዶላው እንጀምር፤ በብዛት የሚታማው እሱ ነው። የጎንዶላ ዋጋ ቀዛፊው እንደ ደንበኛው ፊት የሚጠራው አይደለም፤ በይፋ የተተመነ ነው። ከ2023 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ወዲህ ቀን ላይ ለ30 ደቂቃ 90 ዩሮ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ለ35 ደቂቃ 110 ዩሮ ሆኗል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የነፍስ ወከፍ ክፍያ ይመስለውና ይደነግጣል። ክፍያው የጀልባው ነው። ጀልባው እስከ አምስት ሰው ይይዛል። አምስት ሆነው ቢሳፈሩ ለአንድ ሰው 18 ዩሮ ይደርሰዋል። ለባልና ሚስት 45፣ 45 ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ግን ሙሉ 90ውን ይከፍላል፤ ለእሱ እኔ አልመክረውም።

ታዲያ በዚህ ገንዘብ ምን ይገኛል? ጀልባዋን ጠጋ ብላችሁ እዩዋት። 11 ሜትር ገደማ ትረዝማለች። የግራ ጎኗ ከቀኙ ይሰፋል። ቀዛፊው ከኋላ ቆሞ በአንድ መቅዘፊያ፣ በቀኝ በኩል ብቻ ነው የሚቀዝፈው። ሁለቱ ጎኖች እኩል ቢሆኑ ጀልባዋ ቀጥ ብላ በመሄድ ፈንታ ወደ ግራ ትዞርበት ነበር። ባዶዋን ስትቆም ወደ ቀኝ ዘንበል የምትለውም ለዚሁ ነው። መቅዘፊያው የሚያርፍበት የተጠረበ እንጨት ብዙ ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች አሉት። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዛወረ ያፈጥናል፣ ያቆማል፣ ወደ ኋላም ይመልሳል። ጠባብ ማዕዘን ላይ ሲደርስ እግሩን ሰደድ አድርጎ የቤቱን ግድግዳ ገፋ ያደርግና ያልፋል። ይህን ከድልድይ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። ከውሃው ከፍታ፣ ከቤቶቹ በር ስር ማየት ግን ሌላ ነው።

ብዙዎች የሚከስሩት ጀልባዋን በመሳፈራቸው ሳይሆን በሚሄዱበት መስመር ነው። ዋናው ቦይ በሞተር ጀልባ የተጨናነቀ ነው፤ እሱንማ በሕዝብ ማመላለሻው ጀልባ በጥቂት ዩሮ ዳር እስከ ዳር ማየት ይቻላል። ፀጥታው ያለው ትንንሾቹ ቦዮች ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት «በየት በየት ነው የምንሄደው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዘፈኑ ደግሞ ለብቻው ይከፈልበታል። ፊልም ላይ እንዳያችሁት ቀዛፊው ራሱ ያንጎራጉራል ብላችሁ አትጠብቁ።

እዚያው ከተማ ውስጥ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ያሉት ካፌዎች ሌላ ምሳሌ ናቸው። ከነሱ አንዱ ፍሎሪያን ከ1720 ጀምሮ አለ። የሙዚቃ ባንድ እየተጫወተ ውጭ ከተቀመጣችሁ በሰው የሚታሰብ የሙዚቃ ሒሳብ ይጨመራል። ጨረፍ አድርጎ ጠጥቶ ለሚነሳ ሰው ይህ በቁሙ መበላት ነው። አንድ ሰዓት ተቀምጦ አደባባዩን ለሚያይ ግን አያስቆጭም። ጭማሪው ሜኑው ላይ ተጽፏል። የሚያነበው የለም እንጂ።

«ዋጋው ከፍ ካለ ጥሩ ነው ማለት ነው»

ይህኛው የመጀመሪያው ግልባጭ ነው፤ ጉዳቱም ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነ የወይን ጠጅ ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ አንድ ዓይነት ወይን አንዴ «10 ዶላር ነው»፣ አንዴ «90 ዶላር ነው» እየተባሉ ቀመሱ። ውድ ነው የተባለው የበለጠ ጣማቸው። ለይስሙላ ያሉት እንኳ አይደለም፤ ከደስታ ስሜት ጋር የሚያያዘው የአንጎላቸው ክፍል በምስል ሲታይ የበለጠ ሠርቷል። ዋጋው ራሱ ያጣፍጣል ማለት ነው። እንግዲህ ብዙ ከፍሎ የተመለሰ ሰው «በጣም አሪፍ ነው!» ሲላችሁ ይህን አስታውሱ። እየዋሸ ላይሆን ይችላል። ግን ምስክርነቱ ከነዋጋው ነው።

የዱባዩን ቡርጅ ካሊፋ እዩ። ሕንጻው 828 ሜትር ነው። በ124ኛው ፎቅ ላይ ጠዋት የሚቆም ሰውና ፀሐይ ስትጠልቅ የሚቆም ሰው የሚከፍሉት ይለያያል። ወደ 148ኛው ፎቅ የሚወጣው ደግሞ ከሁለቱም በላይ ይከፍላል። እዚህ ላይ ተጨማሪው ገንዘብ በዋናነት የሚገዛው የሰው ማነስ ነው፤ ወንበር፣ መስተንግዶ፣ ያለ ግፊያ መስኮት ዳር መቆም። ከ124ኛው ፎቅም ከ148ኛውም ከታች ያለው መኪና ያው ነጥብ ነው።

«ውድ ማለት ምቾት ማለት ነው»

የግድ አይደለም። ቬኒስ ሲምፕሎን ኦሪየንት ኤክስፕረስ በሚባለው ባቡር አንዲት ሌሊት ማደር ብዙ ሺህ ዶላር ይፈጃል። ሆኖም በ1920ዎቹ በተሠሩት ፉርጎዎች ውስጥ ባሉት መደበኛ ክፍሎች ሻወር የለም፤ ያለው የእጅ መታጠቢያ ብቻ ነው። አሮጌነቱ ነው የሚሸጠው። ይህን አውቆ የሚሳፈር ይደሰታል፤ ሳያውቅ የሚሳፈር ጠዋት ላይ ይነጫነጫል።

«ከፍ ካላልኩ ከተማዋን አላየኋትም»

ኢፍል ታወር ከ1889 ጀምሮ ቆሟል፤ ቁመቱ ዛሬ 330 ሜትር ነው። እሱ ላይ ወጥታችሁ ፓሪስን ስትመለከቱ አንድ ነገር ይጎድላችኋል፦ ራሱ ኢፍል ታወር። አርክ ደ ትሪዮምፍ የሚባለው የድል ቅስት ጣሪያ በ284 ደረጃ ይወጣል። ከዚያ ላይ ታወሩም፣ ከአደባባዩ በየአቅጣጫው የሚወጡት 12 ጎዳናዎችም አብረው ይታያሉ። ኒው ዮርክም እንደዚያው ነው። ኢምፓየር ስቴት ሕንጻን ማየት የፈለገ ሰው ሮክፌለር ሴንተር የሚባለው ሌላ ሕንጻ ላይ ቢወጣ ይሻለዋል።

«አይ፣ እኔ የግድ ኢፍል ላይ መውጣት አለብኝ» ካላችሁ ጉልበታችሁ ከፈቀደ በእግር ውጡት። እስከ ሁለተኛው ፎቅ 674 ደረጃ ነው። ከሊፍቱ ይረክሳል። ብረቱን ከብረት ያያያዙት 2.5 ሚሊዮን ሪቬቶች በአጠገባችሁ እያለፉ ነው የምትወጡት፤ ለእኔ የታወሩ ዋና ነገር ይሄ ነው። ከሁለተኛው ፎቅ መንገዱንም ድልድዩንም መለየት ትችላላችሁ። አናቱ ላይ ሲደረስ ግን ሁሉም ጠፍጣፋ ይሆናል።

«እዚህ ድረስ መጥቼ ይቅርብኝ?»

ይህችን ያላለ ቱሪስት ያለ አይመስለኝም። ሻጮቹም በደንብ ያውቋታል። ግን የአውሮፕላኑ ቲኬት ሒሳብ አልቋል። ፊኛው ላይ ወጣችሁም አልወጣችሁም አይመለስም። አሁን የሚወሰነው ከኪሳችሁ ገና ስላልወጣው ገንዘብ ብቻ ነው። ስላወጣችሁት ገንዘብ እያዘናችሁ ሌላ አትጨምሩበት።

ካፓዶቅያ ላይ ፊኛው የሚነሳው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ነፋሱ ረጋ የሚለው ያኔ ስለሆነ። ይነሳ አይነሳ የሚለውን የሚወስነው የአገሪቱ ሲቪል አቪዬሽን ነው። ነፋስ ካለ ሁሉም ይቀራል። በመጨረሻዋ ጠዋት ያስያዘ ሰው በረራው ከተሰረዘ ገንዘቡ ቢመለስለትም ሁለተኛ ዕድል የለውም። ስለዚህ የደረሳችሁበት ማግስት ላይ አስይዙ።

ከመሬት ሆኖ ማየትስ? አየሩ ጥሩ በሆነ ጠዋት ከመቶ በላይ ፊኛ በአንዴ ሲነሳ ከኮረብታ ላይ በነጻ ይታያል። ልብ በሉ፣ ብዙዎቻችን አይተን የጓጓንለት ፎቶ የተነሳው ከውጭ ነው እንጂ ከፊኛው ውስጥ አይደለም። ውስጥ ያለው ሰው የሚያገኘው ሌላ ነው። ነበልባሉ ሲለቀቅ አናት ላይ የሚመጣው ሙቀት፣ ሲጠፋ የሚከተለው ዝምታ፣ በሸለቆው ድንጋዮች መካከል ዝቅ ብሎ ማለፍ። ይህን ከፈለጋችሁ ክፈሉ። ፎቶውን ከሆነ ኮረብታው ይበቃችኋል።

«ርካሽ አማራጭ ሁልጊዜ አለ»

አንዳንዴ አለ፣ ያውም በነጻ። የኒው ዮርኩ ስታተን አይላንድ ጀልባ ከ1997 ጀምሮ ለተሳፋሪ ነጻ ነው። ሌት ተቀን ይሠራል፤ በ25 ደቂቃ ጉዞው የነጻነት ሐውልትን አሻግሮ ያሳያል። (ለዚህ ነጻ ጀልባ መንገድ ላይ «ቲኬት» የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ዝም ብላችሁ እለፉ።) ሐውልቱ ሥር መቆም ወይም ውስጡ መግባት የፈለገ ግን ከፍሎ በሌላው ጀልባ መሄድ አለበት።

አንዳንዴ ደግሞ አማራጩ ስም ብቻ ነው። ቬኒስ ውስጥ ትራጌቶ የሚባል ጎንዶላ በ2 ዩሮ ዋናውን ቦይ ያሻግራል። ጥሩ ነው፣ ያሻግራል። ግን ገና ሳትደላደሉ ማዶ ደርሳችኋል።

«ውድ ያደረጉት ቱሪስቱን ለመዝረፍ ነው»

አንዳንዱ ዋጋ አለምክንያት አልተሰቀለም። የተራራ ጎሪላን ለማየት ሩዋንዳ ውስጥ የፈቃዱ ዋጋ ለውጭ አገር ጎብኚ 1,500 ዶላር ነው። እስከ 2017 ድረስ 750 ነበር፤ በአንዴ እጥፍ አደረጉት። ኡጋንዳ ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ 800 ዶላር ታስከፍላለች። ዋጋው እንደ ዜግነትና እንደ መኖሪያ አገር ስለሚለያይ የእናንተን ጠይቁ። ጎሪላዎቹ ከተገኙ በኋላ የሚሰጣችሁ ጊዜ አንድ ሰዓት ነው። አለቀ።

አንድ ሰዓት ለ1,500 ዶላር! ሲሰሙት ያስቆጣል። ግን አሠራሩን እዩት። አንድን የጎሪላ ቤተሰብ በቀን የሚያየው ከስምንት ሰው ያልበለጠ አንድ ቡድን ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ነገ ማንም አይጠጋቸውም። ምክንያቱ ለይምሰል አይደለም። የእኛ ጉንፋን ለእነሱ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ለመሸጥ የቀረበው ሰዓት ትንሽ ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ዋጋውን ቢያወርዱት ሰዓቱ አይበዛም፤ ወረፋው ብቻ ነው የሚረዝመው።

ገንዘቡስ የት ይገባል? ሩዋንዳ ከፓርኮቿ የቱሪዝም ገቢ 10 በመቶውን በዙሪያው ለሚኖረው ሕዝብ ትመድባለች፤ ቀሪው ለጥበቃና ለአስተዳደርም ይውላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቪሩንጋ ተራሮች ላይ የቀሩት ጎሪላዎች 250 ገደማ ነበሩ። ዛሬ በአጠቃላይ የተራራ ጎሪላዎች ቁጥር ከ1,000 አልፏል። በ2018 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የአደጋ ደረጃቸውን አንድ እርከን አሻሽሎላቸዋል። ይህ ሁሉ የመጣው በቲኬት ብቻ ነው አልልም። ሐኪሞችም፣ ሕይወታቸውን የከፈሉ ጠባቂዎችም አሉበት። ግን ቲኬቱ ባይኖር የጠባቂዎቹ ደመወዝ ከየት ይመጣ ነበር?

አቅሙ ላለው ሰው በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከጠቀስኳቸው ሁሉ ሳላመነታ የማስቀድመው ይሄኛውን ነው።

«ፎቶ ካለኝ አልከሰርኩም»

ሊንዳ ሄንክል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2014 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ሙዚየም ውስጥ አዟዙረው ነበር። ተሳታፊዎቹ ፎቶ ካነሱት ዕቃ ይልቅ ቆመው ያዩትን በተሻለ አስታውሰዋል። ደስ የሚለው፣ የዕቃውን አንድ ክፍል በካሜራው አቅርበው (ዙም አድርገው) ያነሱት ላይ ይህ ችግር አልታየም። ጎሪላ ፊት ስልክ ይዞ አንዱን ሰዓት በሙሉ የሚቀርጽ ሰው 1,500 ዶላሩን ስክሪን እያየ ነው የጨረሰው።

«ወረፋ የሚያስዘልል ቲኬት ጊዜ ይቆጥባል»

የትኛውን ወረፋ? ብዙውን ጊዜ የሚያስዘልለው የቲኬት መግዣውን ነው። የፍተሻውን ወረፋ ከሁሉም ጋር ትሰለፋላችሁ። በሰዓት የተወሰነ ቲኬት በራሱ በቦታው ድረ ገጽ ቀድማችሁ ከገዛችሁ የመግዣው ወረፋ ድሮም አይነካችሁም፤ ያንኑ ለደላላ ደርባችሁ አትክፈሉ።

«ጥቅል ቲኬት ሁሌም ይረክሳል»

ካልኩሌተር ይዛችሁ ቁጭ በሉ። በአንድ ካርድ ሙዚየሙን ሁሉ የሚያስገባ ጥቅል የሚያዋጣው በቀን ሦስት አራት ቦታ ለሚሮጥ ነው። ቀስ ብሎ የሚያይ ሰው ይከስርበታል። ካምቦዲያ ውስጥ ያለው አንግኮር የሚባለው የጥንታዊ ቤተ መቅደሶች ስፍራ ደግሞ ተቃራኒ ነው። የአንድ ቀን 37 ዶላር፣ የሦስት ቀን 62፣ የሰባት ቀን 72 ነው። ሁለት ቀን ብቻ ለመቆየት ያሰበ ሰው እንኳ የአንድ ቀኑን ሁለቴ ቢገዛ 74 ያወጣል። የሦስት ቀኑ ደግሞ በተከታታይ መጠቀም አይጠበቅበትም፤ በ10 ቀን ውስጥ የፈለጋችሁትን ሦስት ቀን መርጣችሁ ትገቡበታላችሁ።