ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው፤ ሃምሳ ሦስትስ?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።»

ደሴ ውስጥ ይህን አባባል ለመስማት ቅሬ፣ ማለትም የሰፈር ዕድር፣ መሄድ ይበቃል። ድንኳን የሚተክል፣ ውሃ የሚቀዳ ሰው ሲያንስ አንዱ አባወራ ጣል ያደርጋታል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፣ ሁሉም ይነሳል።

ሃምሳ ሎሚ ያን ያህል ይከብዳል እንዴ? በፌስታል ከሆነ አይከብድም። ያለ ፌስታል፣ በሁለት እጅ ብቻ ያዝ ቢባል ግን ማን ይችላል? ጌጥነቱም እውነት ነው። ሎሚ በእጅ ይዘው የሚያሸቱት፣ ለጥምቀት ጎረምሳ ለወደዳት ልጅ የሚወረውረው ነገር ነው። ለዚያ አንድ ፍሬ ይበቃል።

እኔን የሚገርመኝ ቁጥሩ ነው። ሃምሳ ለማካፈል ይመቻል። ለ2፣ ለ5፣ ለ10፣ ለ25 ሰው እኩል ይደርሳል። ሎሚው 53 ቢሆንስ? ሳይቆረጥ እኩል ይከፈል ከተባለ ወይ አንዱ ሁሉንም ይሸከማል፣ ወይ 53 ሰው ይመጣል። መሃል የለም። ሒሳበኞች ፕራይም የሚሉት እንዲህ ያለውን ቁጥር ነው።

እስካሁን ከሚታወቁት ፕራይሞች ትልቁ የተገኘው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። 136,279,841 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዙና ከውጤቱ አንድ ቀንሱ። 41,024,320 አሃዝ ይወጣዋል። በሰከንድ አንድ አሃዝ ብታነቡ፣ እንቅልፍ ሳይኖር፣ ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር በላይ ይፈጃል።

ይህን ጉድ ማን ፈተሸው? እዚህ ላይ ነው አባባሉ የሚመጣው። ፈተናው በ4 ይጀምራል። ቁጥሩን በራሱ ታባዛላችሁ፣ 2 ትቀንሳላችሁ፣ በሚፈተነው ቁጥር አካፍላችሁ ቀሪውን ትይዛላችሁ፣ ከዚያ እንደገና። 136 ሚሊዮን ጊዜ ያህል! የመጨረሻው ቀሪ ዜሮ ከሆነ ፕራይም ነው። እያንዳንዱ እርምጃ የፊተኛውን ስለሚጠብቅ ደረጃዎቹን ለሃምሳ ሰው ማደል አይቻልም። የሚታደሉት ዕጩ ቁጥሮቹ ናቸው፤ ለአንድ ኮምፒውተር አንድ ዕጩ። ጂምፕስ የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ቅሬ በሉት።

ባለፈው የቀናው ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ ነው። እሱ ደግሞ ብልጥ ነው፤ በ17 አገሮች የተበተኑ ማሽኖችን ተከራይቶ ነው ያሠራው። ሎሚው የአንድ ሰው፣ ተሸካሚው ብዙ።

ፍለጋው አላበቃም፣ አያበቃምም። ፕራይሞች መጨረሻ እንደሌላቸው ግሪካዊው ዩክሊድ ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት አረጋግጧል። የጂምፕስ ፕሮግራም ነፃ ስለሆነ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ተማሪም በላፕቶፑ ጭኖ የራሱን ዕጩ መቀበል ይችላል። መብራት ቢጠፋም ችግር የለም፤ የደረሰበትን በየጊዜው ስለሚያስቀምጥ ሲመጣ ከዚያ አካባቢ ይቀጥላል።