ሩፒው ላይ የንጉሥ ስም የለም

ዋሄጉሩ ጂ ካ ኻልሳ፣ ዋሄጉሩ ጂ ኪ ፈተህ።

ይህች የእኛ የሲኮች ሰላምታ «ኻልሳ (አምሪት የተቀበሉ ሲኮች ማኅበር) የአምላክ ነው፣ ድሉም የእርሱ ነው» ማለት ናት። ከአፋችን በቀላሉ ስለምትወጣ የታሪካችን ቁልፍ እሷ ውስጥ መሆኑን እንዘነጋለን።

አባቶቻችን የፑንጃብን ከተማ ላሆርን በያዙ ጊዜ፣ በ1765 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የብር ሩፒ አስቀረጹ። በዚያ ዘመን ገንዘብ ላይ የሚቀረጸው የገዢው ስም ነበር። እነርሱ ግን የአንድም የጦር አለቃ ስም አላስገቡም። የፋርስኛው ጽሑፍ «ዴግ፣ ቴግ፣ ፈተህ» ብሎ ይጀምራል፤ ድስት፣ ሰይፍ፣ ድል። ሁሉም ከመጀመሪያው ጉሩ (መምህር) ከናናክና ከአሥረኛው ከጉሩ ጎቢንድ ሲንግ መገኘቱንም ይመሰክራል። ድስቱ ከሰይፉ መቅደሙን ልብ በሉ፤ የመጣው ሁሉ ሳይከፍል የሚበላበት የላንጋር ድስት ነው።

ይህ ልማድ የተተከለው በ1699 በአናንድፑር፣ በቫይሳኪ በዓል ነው። ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በብረት ሳህን ያለውን ስኳር የተጨመረበት ውኃ በሁለት በኩል ስለት ባለው ሰይፍ አማስለው መጀመሪያ ወደ ኻልሳ ለገቡት ለአምስቱ ውዶች አጠጡ። ከዚያ ራሳቸው ዞረው ያንኑ አምሪት (የተቀደሰ ጣፋጭ ውኃ) ከአምስቱ እጅ ተቀበሉ። መምህሩ ከተማሪዎቹ! ዛሬም አምሪት የሚሰጡት አምስት ሰዎች ቀኝ እግራቸውን አጥፈው፣ ግራ ጉልበታቸውን አቁመው ሳህኑን ይከባሉ። ጃፕጂ፣ ጃፕ፣ ሰወዬ፣ ቾፓይና አናንድ የሚባሉት ጸሎቶች ተደግመው እስኪያልቁ ሰይፉ ከውኃው አይወጣም። እዚህ ላይ የሚቻኮሉ አሉ፤ ጸሎቱን አሳጥሮ ማማሰል ውኃ ማጣፈጥ ብቻ ነው።

ሥልጣን ከአንድ ሰው ወደ ጉባኤ የተሻገረው ያኔ ነው። አሥራ ሁለቱ ሚስሎች፣ ማለትም ጭፍሮቹ፣ እርስ በርስ ቢቀናኑም በቫይሳኪና በዲዋሊ በዓላት በአምሪትሳር በሚገኘው የሲኮች የሥልጣን መንበር፣ በአካል ታኽት ፊት ይሰበሰቡ ነበር። በቅዱስ መጽሐፋችን በጉሩ ግራንት ሳሂብ ፊት የተወሰነው ጉርማታ፣ ማለትም የጉባኤው ውሳኔ፣ ሁሉንም ያስር ነበር። የሚጠብቁት ገበሬም ከምርቱ ግብር አንድ አምስተኛውን ይከፍላቸዋል። በ1762 የካቲት በአንድ ቀን ብዙ ሺህ ሰው ታረደባቸው፣ የአምሪትሳሩ ቤተ መቅደስ ሃርማንዲርም በባሩድ ፈረሰ። ላሆር የገቡት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ከሚስል አለቆች አንዱ ራንጂት ሲንግ በ1799 ላሆርን ያዘ፣ በ1801 ማሃራጃ (ንጉሥ) ተባለ። መንግሥቱን «የኻልሳ መንግሥት» አለው፤ በሩፒውም የጉሩዎቹ ስም ቀጠለ። የአካል ታኽት አለቃ አካሊ ፑላ ሲንግ ስለ ጥፋቱ አካል ታኽት ጠርተው ግርፋት ሲፈርዱበት ጀርባውን እንደሰጠ ይተረካል። ያም ሆኖ ሚስሎቹን ዋጠ፣ ከ1805 ወዲህም ጉርማታ አላስጠራም። ስንጥቁ እዚህ ይመስለናል፤ ሠራዊት ነበረው፣ እርሱ ሲሞት የሚተካ ጉባኤ ግን አልነበረም።

በ1839 አረፈ። ወራሾቹ ተገዳደሉ፤ በ1845 ጦርነት ሲነሣ አዛዦቹ ላል ሲንግና ቴጅ ሲንግ ከእንግሊዞች ጋር በስውር ይጻጻፉ ነበር። በ1849 መጋቢት፣ ላሆር ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ግዛቱን የሚያስረክበውን ወረቀት ያቀረቡት ለራንጂት ሲንግ ልጅ፣ ለማሃራጃ ዱሊፕ ሲንግ ነው። ዕድሜው ገና 10 ነበር። ፈረመ።