«ክፍት ጀልባ ነው፣ ንፋሱ ይወስደዋል» እና ሌሎች የቤንዚን ወሬዎች

የጀልባ ሞተር ጠግኜ ነው የምበላው። ሰው ስለ ሞተሩ ቢሳሳት ቅር አይለኝም፣ ሥራ ይሆነኛል። በጎማ ቱቦ ከሞተሩ ጋር ስለሚያያዘው ተንቀሳቃሽ የቤንዚን ታንክ የሚወራውን ግን መስማት ታክቶኛል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ «ሲሞላ ታንኩን ከጀልባው ማውረድ ለምን ያስፈልጋል? ክፍት ጀልባ ነው፣ ትነቱን ንፋሱ ይወስደዋል።» አይወስደውም! የቤንዚን ትነት ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርድና ከወለሉ ሥር፣ ባትሪው ያለበት ጥግ ይተኛል። ጀልባ ደግሞ ዙሪያው ግድግዳ ነው፣ ከታች መውጫ የለውም። ንፋሱ ፊታችሁን ይመታል እንጂ እዚያ አይደርስም። አየሩ ውስጥ 1.4 ከመቶ ያህል ትነት ከገባ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። የሚለኩሰውም ክብሪት ብቻ አይደለም፤ የላላ የባትሪ ሽቦ ብልጭ ካለ አለቀ።

አንድ ደንበኛዬ ታንኩን እዚያው ጀልባው ውስጥ ሞላ። የፈሰሰውን በጨርቅ ጠረገና ጨርቁን ወንበሩ ሥር ወሸቀው። ሞተሩ አልነሳ ሲለው ጠራኝ። የወለሉን ክዳን ሳነሳ ዓይኔን አቃጠለኝ። እሱ ቆሞ «ኧረ ምንም አይሸትም» ይለኛል። ይሸታል፣ ግን ተንበርክኮ ላሸተተ ሰው ነው።

ስለዚህ ሞተሩን አጥፉ፣ ታንኩን አውርዱ፣ መሬት ላይ አስቀምጡ። ብልጭታ እንዳይነሳ የመቅጃውን ብረት ከታንኩ አፍ ሳታላቅቁ ሙሉ። «ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ምን ብልጭታ አለ?» የሚሉኝ አሉ። ችግሩ እኮ እሱ ነው! ስለማያስተላልፍ ስታቲክ ኤሌክትሪኩ መሄጃ አጥቶ ይጠራቀማል። ፋይበር ወለል ወይም ምንጣፍ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

«ባዶ ታንክ አያሰጋም።» ከሙሉው የበለጠ ያሰጋል። ትነትና አየር የሚደባለቁት እዚያ ነው። ሲያፈስ ብየዳ ቤት አትውሰዱት፤ ቀይሩት።

«እስከ አፉ ሙላው።» ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ቤንዚን 1 ከመቶ ገደማ ያብጣል። ትንሽ ቦታ ተዉለት።

«እሳት ቢነሳ ውሃው መች ጠፋ?» ቤንዚን ውሃ ላይ ተንሳፍፎ እየነደደ ይሄዳል። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ያዙ።

ደግሞ «መተንፈሻው ሁልጊዜ ይዘጋ» የሚሉ ጥንቁቆች አሉ። ክዳኑ ላይ በእጅ የሚዞር መተንፈሻ ያለው ታንክ ሞተሩ ሲሠራ መከፈት አለበት። ካልተከፈተ አየር አይገባም፣ ቤንዚኑም አይሳብም፣ ሞተሩ ጥቂት ሄዶ ቀጥ ይላል። ስንት ደህና ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው የሞተሩ ክፍል) በዚህ የተነሳ በከንቱ ተፈታ! የሚዘጋው ስታጓጉዙትና ስታስቀምጡት ነው።

አዳዲሶቹ ታንኮች መተንፈሻቸው ራሱን ይቆጣጠራል፤ አየር ያስገባል እንጂ ትነቱን ቶሎ አይለቅም፤ በዚህ የተነሳ ፀሐይ ላይ ይነፋሉ። ቱቦው እንደተሰካ ከቆየ ግፊቱ ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ ይገፋዋል፤ ከኮፈኑ ሥር ሲንጠባጠብ ታገኙታላችሁ። ሞተሩ ሲጠፋ ቱቦውን ንቀሉ። የተነፋ ታንክ ካጋጠማችሁ ከጀልባው አውርዳችሁ ክዳኑን ቀስ አድርጋችሁ አላሉት፣ እስኪተነፍስ ጠብቁ፣ መልሳችሁ ዝጉት፣ ከዚያ ቱቦውን ስኩ።